ሁለት የፈረስ ዝላይ ኮርስ ንድፎችን በኮምፒውተር እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

የፈረስ ዝላይ ኮርስ ንድፍ በአንድ ጊዜ አያልቅም። አንዱ አጥር (ፈረሱ የሚዘለው መሰናክል) ከቦታው ይነሳል፣ ሌላው ይዞራል፣ በመጨረሻ ሁለት ፋይል እጃችሁ ላይ ይቀራል። ጎን ለጎን ከፍቶ ማየት አይበቃም። ትልልቁ ለውጥ ይታያል፤ ፈረሱን የሚያስቸግረው ትንሹ ግን ያመልጣል። ስለዚህ አንዱን በሌላው ላይ ደርቡት።

መጀመሪያ ሁለቱንም ፋይሎች ኮፒ አድርጉና ዋናዎቹን አስቀምጧቸው። ቀጥሎ ስኬላቸውን (የሥዕሉን መጠን ከእውነተኛው ሜዳ ጋር የሚያገናኘውን ልኬት) አመሳክሩ። የሜዳውን ረጅም ጎን በሁለቱም ላይ ለኩ። በአንዱ 60 ሜትር፣ በሌላው 59 ከሆነ ይህን ሳታስተካክሉ ወደፊት አትሂዱ።

ከዚያ በአንድ ፋይል ሁለት ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ የሥዕል ንብርብር) ክፈቱ። አሮጌውን ከታች በቀይ፣ አዲሱን ከላይ በአረንጓዴ አድርጉ። የሜዳውን ጥግ ወይም መግቢያውን በር ይዛችሁ ገጣጥሟቸው። አጥርን መነሻ አታድርጉ፤ እሱ ራሱ ተነቃንቆ ሊሆን ይችላል። የላይኛው ሌየር የታችኛውን እንዲያሳይ ኦፓሲቲውን (ድፍንነቱን) ወደ 50 በመቶ አውርዱ፤ ቦታ የለወጠው ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታያል። ኢንክስኬፕ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም በነፃ ይህን ይሠራል። አውቶካድ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ያላችሁ ደግሞ ኮምፔር የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ልዩነቱን በቀይና በአረንጓዴ፣ ያልተለወጠውን በግራጫ ያወጣላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አጥሩ ስንት ሴንቲሜትር ተነቃነቀ ብቻ ሳይሆን፣ በአጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። የፈረስ የግልቢያ እርምጃ በግምት 3.65 ሜትር ነው። አጥሩን ዘሎ 1.80 ሜትር ያህል አልፎ ያርፋል፤ ለሚቀጥለውም 1.80 ሜትር ያህል ሲቀረው ይነሳል። ስለዚህ አራት እርምጃ ወደ 18.20 ሜትር ይፈልጋል። አዲሱ ንድፍ ይህን 20 ሜትር ካደረገው ግማሽ እርምጃ ጨመረ ማለት ነው። ጋላቢው በአራት ልሂድ ወይስ በአምስት ብሎ ይጨነቃል። ሆን ብላችሁ ካላደረጋችሁት አስተካክሉት።

በሰፊ ኩርባ ላይ 50 ሴንቲሜትር ብዙ አያስጨንቅም፤ ጋላቢው ሰፋ ወይም ጠበብ አድርጎ ይዞራል። በጥምር መሰናክል (ተቀራርበው ተከታትለው የሚዘለሉ ሁለት ወይም ሦስት አጥሮች) ውስጥ ግን ማምለጫ የለም። እዚያ በአጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 እስከ 12 ሜትር ብቻ ነው።

አንድ ድብቅ ነገር አለ፤ እባካችሁ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ኦክሰር የሚባለው ወርድ ያለው አጥር ከ1.20 ወደ 1.50 ሜትር ቢሰፋ ብዙ ጊዜ መሃሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ርቀት የሚለካው ግን ከአንዱ አጥር የማረፊያ ግርጌ እስከ ቀጣዩ የመነሻ ግርጌ ነው። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም 15 ሴንቲሜትር ይጠፋል። ከመሃል እስከ መሃል ብትለኩ ይህን አታዩትም። ሁልጊዜ ከግርጌ ለኩ።

በመጨረሻ ፈረሱ የሚሄድበትን መስመር በሁለቱም ላይ ሳሉና ርዝመቱን አነጻጽሩ። በደቂቃ 350 ሜትር ፍጥነት 480 ሜትር ወደ 82 ሰከንድ ይወስዳል፤ 450 ሜትር ደግሞ ወደ 77። መስመሩ ካጠረና ለመጨረስ የተፈቀደው ሰዓት የድሮው ከሆነ ዘገምተኛው ፈረስም ያለ ቅጣት ይገባል። ሰዓቱን እንደገና አስሉ፣ የመረጣችሁትን ንድፍ ቀን ጽፋችሁበት በፒዲኤፍ አውጡ፣ አጥሮቹን ለሚተክሉት ሰዎችም እሱን ብቻ ስጡ።