ቦክስ ላይ ወደ የት በኩል ነው የምትዞረው?
ጠዋት 12 ሰዓት ጣና ዳር ውረድና እርጥቡ አፈር ላይ በባዶ እግርህ ሻዶው (ብቻህን አየር እየመታህ የምትሰራው ልምምድ) ስራ፣ ከዛ ዱካህን እይ፣ እግርህን እያጠላለፍክ ከሆነ አፈሩ ያሳይሃል። ወደ ቀኝ ስትሄድ ቀኝ እግር ይቀድማል፣ ወደ ግራ ግራው፣ በቃ።

ዋናው ነገር ግን ከከባዱ እጅ መራቅ ነው። ተጋጣሚህ ግራ እግሩን አስቀድሞ ከቆመ ከባዱ ቀኝ እጁ ባንተ ግራ በኩል ስለሆነ ወደ ቀኝህ ዙር፣ ግራኝ ከሆነ (ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ከቆመ) ደሞ ወደ ግራህ፣ የፊት እግርህም ከሱ የፊት እግር ውጪ ይረፍ። ግራ ሁኩ (ክርኑን አጥፎ ከጎን የሚመታው ቡጢ) አደገኛ የሆነ ሰው ላይ ግን ይሄን እርሳው፣ ወደ ቀኝ ከዞርክ እጁ ላይ ነው የምትገባለት፣ ቦክሰኛው ጆ ፍሬዘር እኮ በ1971 እ.ኤ.አ. መሐመድ አሊን 15ኛው ዙር ላይ የጣለው በግራ ሁክ ነው! ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ላይ ጃብ (በፊት እጅ የሚመታ ቀጥተኛ ቡጢ) እየሰጠህ የትኛውን እጁን እንደሚወድ አጥና፣ ደሞ ሁለት ሶስት እርምጃ ከሄድክ በኋላ አቅጣጫ ቀይር፣ አለበለዚያ ይጠብቅሃል።