ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትሄዱ፦ ስለ መኪና ታርጋ

ተመልሼ ለገጣፎ ከተቀመጥሁ ወዲህ፣ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የሚሄድ ጎረቤት ሁሉ ስለ መኪና ዋጋ ይጠይቀኛል፤ ስለ ታርጋ የሚደውልልኝ ግን እዚያ ደርሶ የቅጣት ደብዳቤ ከመጣለት በኋላ ነው። ያንኑ መልስ በየስልኩ መደጋገሙ ስለሰለቸኝ እነሆ ጻፍሁት።

እኛ ሰፈር አንዱ «አአ»፣ ሌላው «ኦሮ» የሚል ታርጋ ይዞ ለዓመታት ሲኖር፣ ፊደሉ ከሚያድርበት ቤት ጋር መስማማት አለመስማማቱን የሚጠይቀው ሰው እምብዛም የለም። ትራፊኩም ደላላውም አጥብቀው የሚያዩት ኮድ 2 ወይም ኮድ 3 መሆኑን ነው። አሜሪካ ግን ታርጋ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት (ክፍለ ግዛት) በራሱ ሕግ ስለሆነ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ በመሻገር ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ቤት የተከራየ ሰው መኪናውን እንደገና ማስመዝገብ አለበት። ቨርጂኒያ ለአዲስ ነዋሪ የምትሰጠው ጊዜ 30 ቀን፣ ሜሪላንድ ደግሞ 60 ቀን ነው። ዲሲም የራሷ ታርጋ አላት።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ያለው ሽያጩ ላይ ነው፤ እኔም የወደቅሁበት እዚያ ነው። በአገራችን መኪና ሲሸጥ ታርጋው አብሮ ይሄዳል፤ ብዙ ሰውም ስም ሳያዞር በውክልና ብቻ ይነዳል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ግን ታርጋው የሚቀረው በባለቤቱ እጅ ነው፤ ሻጭ ፈትቶ ያስቀራል፣ ገዢ በስሙ ሌላ ያወጣል። እኔ ሜሪላንድ ሳለሁ መኪናዬን ለአንድ ያገር ልጅ ስሸጥ፣ «ነገ ስሙን አዞራለሁ» ያለኝን አምኜ ታርጋውን ሳልፈታ ሰጠሁት፤ ኢንሹራንሱንም ወዲያው አቋረጥሁ። ሰውየው በክፍያ መንገዶች ላይ የተመላለሰበት ሒሳብ በእኔ ስም ይመጣ ጀመር፤ እሱ ስልክ አያነሳም። ከዚያ የባሰው የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ኢንሹራንስ የሚቋረጠው ታርጋው ለመንግሥት ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት 200 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር ይቆጠርበታል። መኪናው የለኝም ብሎ መሟገት ዋጋ የለውም፤ በመዝገቡ ላይ ታርጋው ያለው በሻጩ ስም ነው። ስለዚህ ገዢው ወንድማችሁም ቢሆን፣ ገንዘቡን ተቀብላችሁ ታይትሉን (የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት) ስትፈርሙ ታርጋውን በገዛ እጃችሁ ፍቱ፤ ለመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት መልሱ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ኢንሹራንሱን ከዚያ በኋላ አቋርጡ። ወረፋው ያሰለቻል፤ ቅጹም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ከቅጣቱ ይሻላል።

ቦሎን በተመለከተ አጭር ነው፤ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ትጠይቃለች፣ ሜሪላንድ የምትጠይቀው በዋናነት ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ነው። የመኪናው ጭስ በሁለቱም፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ አካባቢዎች፣ በየሁለት ዓመቱ ይለካል።

ቨርጂኒያ እየኖሩ በዘመድ አድራሻ የሜሪላንድ ታርጋ የሚያወጡ ሰዎችም አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ የቨርጂኒያ ካውንቲዎች (የወረዳ አስተዳደሮች) በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ግብር ያስከፍላሉ፣ ሜሪላንድ ግን እንዲህ ያለ ግብር የላትም። ይህን እንደ ብልጠት የሚያስተምር ነባር ሰው ግን በጣም ያናድደኛል። ካውንቲው ከደረሰበት ያለፈውን ግብር ከነቅጣቱ ይጠይቃል፤ አደጋ በደረሰ ዕለት ደግሞ ኢንሹራንሱ መኪናው የሚያድርበት አድራሻ ሐሰት ነው ብሎ ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል፤ በዚያን ጊዜ አድራሻውን ያዋሰውም ዘመድ አብሮ ሊጠየቅ ይችላል።