የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ድምፅ የሚያበላሹ ስህተቶች

ከሁሉ የሚያናድደው ድምፁ «ዝዝዝ» ባለ ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ማጣሪያ መሮጥ ነው። ምንጩ ሳይለይ ማጣሪያ ከተጫነበት ከጥዝዝታው ጋር የሰርጉ እልልታም ይታጠባል። መለየቱ እኮ ደቂቃ አይፈጅም። ዴኩን (የካሴት ማጫወቻውን) ኤቪ በሚባለው የውጭ ገመድ ማስገቢያ ላይ አድርጉና ካሴቱን አቁሙ። ቆሞም ካልጠፋ ጣጣው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ ዴኩንና ላፕቶፑን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፣ አለዚያም ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ።

ካሴቱ ሲቆም ጠፍቶ ሲጫወት የሚመለስ ከሆነ ግን ሃይፋዩን (ከኖርማሉ ሌላ የተቀዳውን ጥራት ያለው ድምፅ) ጠርጥሩ። የሃይፋይ ድምፅ የሚነበበው በዴኩ ውስጥ በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ባሉ ሁለት ሄዶች (ቴፑን የሚያነቡ ክፍሎች) ነው፤ በፓል (አንዱ የቪዲዮ ሥርዓት) ዴክ አንዱ ለሌላው በሰከንድ 50 ጊዜ ይቀባበላል። ትራኪንጉ (ሄዱ የቴፑን መስመር ተከትሎ እንዲያነብ የሚያደርገው ማስተካከያ) ሲዛነፍ እያንዳንዱ ቅብብል ጠቅ ይላል፣ ጠቅታው ተደራርቦ ጥዝዝታ ይሆናል። ስለዚህ ትራኪንጉን በእጅ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ። እምቢ ካለ ካሴቱ የተቀዳበትን ዴክ ፈልጉ፤ እሱም ካልተገኘ የዴኩን ድምፅ ከሃይፋይ ወደ ኖርማል ቀይሩት። ኖርማሉ በቴፑ ጠርዝ ላይ በቆመ ሄድ ስለሚነበብ ትንሽ ሽሽታ ቢኖረውም ይህ ጥዝዝታ የለበትም።

ኖርማሉ ታፍኖ ከተሰማ ሄዱ ቆሽሿል ወይም ዘሟል። ዴኩን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅና 99% አይሶፕሮፒል አልኮል የቆመውን ሄድ ጥረጉ (አረቄም ሽቶም አይተካውም)። ጥጥ ወደ ከበሮው እንዳይጠጋ፤ ክሩ የቪዲዮ ሄዱን ሊሰብረው ይችላል።

የዴኩን ገመድ ማይክ ቀዳዳ ላይ መሰካት ድምፁን ይሰነጥቀዋል፤ ቦታው ላይን ኢን (የማጫወቻ ድምፅ ማስገቢያ) ነው። የሚቀዳውን ድምፅ መጠን ስትለኩ እልልታው የበረታበትን ቦታ አጫውቱ፣ ጫፉ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ይሁን።

ነጭ የድምፅ መውጫ ብቻ ያለው ዴክ ሞኖ ነው፤ በግራ ብቻ ቢሰማ አልተበላሸም፣ ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጡት።

ከአሜሪካ የተላከ ካሴት ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) ነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ ዴክ ላይ ሲገባ ኖርማሉ ድምፅ ይወፍራል፣ ይጎተታል። ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ያስፈልጋል።

ሲጀምር ልክ የነበረው ድምፅ መጨረሻ ላይ ከከንፈር ከተለያየ፣ ድምፅና ምስል በተለያየ መሣሪያ ገብተዋል፤ ወይም ኮምፒውተሩ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ሳይቀዳ ጥሏል። ሁለቱንም በአንዱ መቅጃ አስገቡ፣ የድምፁን ናሙና መጠን 48 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጉ፣ የጣለውን ፍሬም ቁጥር እያያችሁ ቅዱ። ዜሮ ካልሆነ መቁረጥና መጎተት አያዋጣም፤ እንደገና ቅዱት።