ዲስኩ ሰፋ፣ ሰርቨሩ ግን አላየውም፦ ከአፕግሬድ በፊት ቦታ ማስፋት

«ዲስኩን ጨመርንለት፤ እሱ ግን ፍንክች አላለም።» ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ስልክ ሲደወልልኝ አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ይህንን ነው። የኡቡንቱ 20.04 (ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) መደበኛ ድጋፍ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ደግሞ ጥሪው በዝቷል። ሁሉም ወደ 22.04፣ ከዚያም ወደ 24.04 ለመሻገር ይጣደፋል። ቦታ ሳያስተካክሉ አፕግሬድ መጀመር ግን ሰርቨሩን መሀል መንገድ ላይ ማስቀረት ነው።

ምልክቱ
ለቨርቹዋል ማሽኑ የተሰጠው ዲስክ 200 ጊጋ ነው። ገብታችሁ ዲኤፍ (የቦታ መጠን የሚያሳይ ትእዛዝ) ስትሉ ግን ሩት (ዋናው የፋይል ማስቀመጫ) 98 ጊጋ አካባቢ ብቻ ያሳያል። እሱም ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

ምክንያቱ
ቦታው የተደራረበ ነው። ከታች ዲስኩ አለ። በላዩ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፋይ)፣ በላዩ ኤልቪኤም (ቦታን እንደ አስፈላጊነቱ የሚያከፋፍል ንብርብር)፣ ከሁሉም በላይ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ፋይል ሲስተሙ። ግቢው ሰፋ ማለት ቤቱ ሰፋ ማለት አይደለም። አንዱን ስታሰፉ ሌላው ባለበት ይቀራል።

ደግሜ ደጋግሜ የማገኘው ደግሞ ጭራሽ ዲስክ መጨመር የማያስፈልገውን ነው። የኡቡንቱ ሰርቨር ኢንስቶለር በኤልቪኤም ሲጫን ሁሉንም ቦታ ለሩት አይሰጥም። ዲስኩ ከ20 እስከ 200 ጊጋ ከሆነ ግማሹን ብቻ ይሰጣል። ከ200 በላይ ከሆነ 100 ጊጋ ሰጥቶ ያቆማል። ቀሪው ማንም ሳይነካው ተኝቶ ይኖራል።

ፍኖተ ሰላም አንድ መስሪያ ቤት የገጠመኝ አሁንም ያንገበግበኛል። ሁለት ወር ሙሉ የሰራተኞችን የቆዩ ፋይሎች እየለቀሙ ሲያጠፉ ከርመዋል። ገብቼ ቪጂኤስ (ኤልቪኤም ውስጥ ያልተሰጠ ቦታ መኖሩን የሚያሳይ ትእዛዝ) አልኩ። ቪፍሪ (ነፃ ቦታ) በሚለው ዓምድ ስር 99 ጊጋ ተቀምጧል። ለኃላፊው አሳየኋቸው። ስክሪኑን ትንሽ አዩና «ታዲያ ያን ሁሉ ያጠፋነው ለምን ነበር?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ማስፋቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ስለዚህ ምንም ከመጠየቃችሁ በፊት ቪጂኤስ በሉ። እባካችሁ።

መፍትሄው
ቪፍሪ ላይ ቦታ ካለ የሚቀራችሁ ከታች ያለው ኤልቪኤክስቴንድ የሚባለው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ዜሮ ከሆነ ግን ዲስኩ በእርግጥ መስፋት አለበት። መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ፤ ሌላ ቦታ ላይ። ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ) ባክአፕ አይደለም። የተቀመጠው እዚያው ስቶሬጅ ላይ ነው፤ ስቶሬጁ ከሄደ አብሮ ይሄዳል።

ቪኤምዌር (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ስናፕሾት ያለበትን ማሽን ዲስክ ማስፋት አይቻልም። የመጠኑ ሳጥን ደብዝዞ ቁጥር አልቀበል ይላል። ስናፕሾቱን ዲሊት አድርጉ። ዲሊት ነው ያልኩት፣ ሪቨርት አይደለም! ዲሊት ለውጦቹን ከዋናው ዲስክ ጋር ያዋህዳል። ሪቨርት ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። ቡሬ ላይ አንድ ልጅ ሪቨርት ተጭኖ የሦስት ሳምንት መዝገብ በአንድ ክሊክ ሄዷል።

ዲስኩን ካሰፋችሁ በኋላ ወደ ማሽኑ ግቡና ኤልኤስቢኤልኬ (ዲስኮችንና መጠናቸውን የሚዘረዝር ትእዛዝ) በሉ። አዲሱ መጠን ካልታየ ዲስኩን ሪስካን አድርጉ፤ ካልሆነ ሪስታርት። ከዚያ ፓርቲሽኑን የሚያሰፋው ትእዛዝ፣ ግሮውፓርት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዲስኩ ስምና የፓርቲሽኑ ቁጥር መሀል ክፍተት አለ፦ «ኤስዲኤ»፣ ክፍተት፣ «3»። አያይዛችሁ ከጻፋችሁት እምቢ ይላል። መጀመሪያ በድራይ ረን (በሙከራ ብቻ) ሞክሩት፤ ምን እንደሚያደርግ ሳይነካ ያሳያችኋል።

ቀጥሎ ፒቪሪሳይዝ፤ ኤልቪኤም አዲሱን ቦታ እንዲያውቅ የሚያደርገው ትእዛዝ ነው። እዚህ ደግሞ ስሙና ቁጥሩ ተያይዘው ይጻፋሉ። በመጨረሻ ኤልቪኤክስቴንድ ከትንሿ «አር» ጋር። አሯን ከረሳችኋት ኤልቪኤሙ ይሰፋል፣ ፋይል ሲስተሙ ግን ባለበት ይቀራል። ያኔ እንደ ፋይል ሲስተሙ ዓይነት፣ ለኤክስት4 ሪሳይዝቱኤፍኤስ፣ ለኤክስኤፍኤስ ኤክስኤፍኤስ ግሮውኤፍኤስ ለብቻው ማስኬድ ነው።

ሁሉንም ቦታ አንዴ አታፍስሱት። ኤክስኤፍኤስ ከሰፋ በኋላ እንደ ድሮው ላጥብበው ማለት አይሰራም። የተወሰነ ቪጂ (የኤልቪኤም የጋራ ቋት) ውስጥ ይቀመጥ፤ ነገ ያስፈልጋል።

ቪዲዮ አይታችሁ ኤፍዲስክ (ፓርቲሽን የሚያስተካክል ፕሮግራም) ከፍታችሁ ፓርቲሽኑን አጥፍታችሁ እንደገና አትፍጠሩ። መነሻ ሴክተሩ ከተሳሳተ ማሽኑ አይነሳም። ግሮውፓርት እያለ ይህን የሚያስተምሩ ሰዎች ያናድዱኛል።

መብራቱንም አስቡ። እንጅባራ ክረምት ከሰዓት፣ ነጎድጓድ እያጉረመረመ፣ ባትሪው በደከመ ዩፒኤስ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ጠዋት ይሁን።

ሌሎች ምልክቶች
ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቶ ግሮውፓርት ራሱ «ቦታ የለም» ካለ፦ ቲኤምፒ ውስጥ ጊዜያዊ ፎልደር መፍጠር አቅቶት ነው። የጆርናል ሎጉን (የሲስተሙን የክንውን መዝገብ) ቀንሱና ድገሙት።

ግሮውፓርት «ኖቼንጅ» ካለ፦ ወይ ዲስኩ ገና አልታየም፣ ወይ ከኋላው ስዋፕ (ለሜሞሪ ማገዣ የተመደበ) ፓርቲሽን መንገድ ዘግቷል።

ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ካለ፦ አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያስፈልግ መዝገብ) አልቋል። ብዙ ጥቃቅን ፋይል ያለበትን ፎልደር ፈልጉ።

ትልቅ ፋይል አጥፍታችሁ ቦታው ካልተመለሰ፦ የሆነ ፕሮግራም ፋይሉን ይዞታል። ፕሮግራሙን ሪስታርት አድርጉት።

ቡት (የማስነሻ ፋይሎች ያሉበት ክፍል) ከሞላ፦ የቆዩ ከርነሎች (የሲስተሙ እምብርት የቀድሞ ስሪቶች) ናቸው። በአውቶሪሙቭ ትእዛዝ አጽዱ፤ በእጃችሁ ፋይል አትሰርዙ።

ከሰፋ በኋላ
ማሽኑ አንድ ቀን ይስራ። ሪስታርት አድርጋችሁ መነሳቱን እዩ። ከዚያ አዲስ ስናፕሾት ወስዳችሁ አፕግሬዱን ጀምሩ። 22.04 ላይ ሳትቆሙ ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 አትዘሉም፤ ስለዚህ ቦታው ለሁለት ዙር ይብቃ። አፕግሬዱ ደህና ከሆነ ስናፕሾቱን በሁለት በሦስት ቀን ዲሊት አድርጉት። ዳንግላ ላይ ስድስት ወር የተረሳ አንድ ስናፕሾት እያበጠ እያበጠ ስቶሬጁን ሞላው። አራት ማሽን አንድ ላይ ነው የቆመው።