ኮብልስቶን ላይ ብቻ የሚንኳኳ የፊት እግር

መኪናው አሮጌ ኮሮላ ነው። ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ በአስፋልቱ ሲወርድ ዝም ይላል፤ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲገባ ግን ከፊት ቀኝ «ቋ ቋ» ይላል። የፊት እግሩ ኳስ መገጣጠሚያም (ቴስታ) አሞርዛተሩም ተቀይሮ ድምፁ አልጠፋም።

ፍንጩን የሰጠው መንገዱ ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል በሚወጡበት የፍጥነት መቀነሻ ላይ ድምፅ የለም፤ አንዱ ብቻ ድንጋይ ሲረግጥ ይንኳኳል። ስታብላይዘር (የግራና የቀኝ እግርን የሚያገናኘው ብረት) የሚጠመዘዘው ግራና ቀኙ ለየብቻ ሲንቀሳቀሱ ስለሆነ ጥርጣሬው ወደ ሊንኩ፣ ማለትም ስታብላይዘሩን ከእግሩ ጋር ወደሚያያይዘው ባለ ኳስ አጭር ዘንግ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ጎን በክሪክ አንስቶ ሊንኩን ይነቀንቃል። ያኔ ስታብላይዘሩ ተጠምዝዞ ሊንኩን ይወጥረዋል፤ ያለቀውም ደህና ይመስላል። ትክክለኛው ግን መኪናው በአራቱም ጎማ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ ሊንኩን በእጅ ጨብጦ መነቅነቅ ነው። የቀኙ ወዲያው «ቅጭ» አለ፦ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ግሪሱ አልቋል፣ ኳሷ ዝጋ ቀልታለች።

ለማረጋገጥ ሁለቱንም ሊንኮች ፈትቶ ያንኑ ኮብልስቶን በዝግታ መንዳት ይበቃል። ድምፁ ጠፋ። (በዚህ ሁኔታ ኩርባ ላይ መፍጠን አይገባም፤ መኪናው በጣም ያጋድላል።)

የተቀየረው 2 ሊንክ እና 2 የስታብላይዘር ጎሚኒ (ስታብላይዘሩን የሚይዘው ላስቲክ) ነው። የሊንኩ ዳዶ ሲፈታ ብሎኑ አብሮ ከዞረ መሐሉን በአለን ቁልፍ መያዝ። ጎሚኒውን የሞተር ዘይት አትቀቡት፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ የሲሊኮን ግሪስ ይሻላል።