ለማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ደጋፊ ድርጅት መሪዎች እንዴት ይመረጣሉ? ከደሴ የተማርነው

ደሴ ላይ ቦርድ ማቋቋም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ትላላችሁ፣ የከተማውን የታወቁ ሰዎች ስም ወረቀት ላይ ትደረድራላችሁ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሰባት ስም ይሞላል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ያቺ ወረቀት ሁለት ዓመት አስከፍላናለች።

ድርጅታችን ትንሽ ነው። ሥራው ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዞችን መደገፍ ነው፤ ማለትም ነግደው የሚተዳደሩ፣ ትርፉን ግን ለተቋቋሙበት ማኅበራዊ ዓላማ የሚያውሉ ድርጅቶችን። መጥረጊያ ሠርተው የሚሸጡ ዓይነ ስውራን አሉ። ሐይቅ ላይ ቆሮሶ አጥምደው ለሆቴል የሚያቀርቡ ወጣቶች አሉ። የሱፍ ምንጣፍ የሚሠሩ እናቶች አሉ። እናሠለጥናቸዋለን፣ ገዢ እናፈላልጋለን፣ ትንሽ መነሻ ገንዘብም እናዘዋውራለን። ይህን ሁሉ የሚመሩት ቦርዱና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እነሱን እንዴት እንደምትመርጡ ልንገራችሁ።

1. ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ጻፉ

ግማሽ ቀን ይበቃል። ሥልጠና ነው? ገበያ ማገናኘት ነው? ገንዘብ ማቅረብ ነው? «ሁሉንም» ካላችሁ ገና አልወሰናችሁም። ገንዘብ የሚያዘዋውር ድርጅት የሚፈልገው ሰው ሥልጠና ብቻ ከሚሰጠው ይለያል።

2. ሕጋዊውን ነገር ጨርሱ

የምትደግፏቸው ኢንተርፕራይዞች ብዙ ጊዜ ተመዝግበው የምታገኟቸው እንደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ እንደ ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ነው። ስሙ ራሱ ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። እኔ «ሶሻል ኢንተርፕራይዝ» ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት በጥቅምት 2012 የማኅበራዊ ኢንተርፕራይዞች የዓለም ፎረም አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ነው።

የእናንተው ደጋፊ ድርጅት ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ከሆነ የሚገዛው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አማራ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆነ ጉዳያችሁ ከክልሉ ጋር ነው። ወሎ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ባቲን አልፋችሁ ሚሌ ላይ አንድ ቡድን ብትደግፉ አፋር ክልል ገብታችኋል። ስለዚህ የት የት እንደምትሠሩ ከመመዝገባችሁ በፊት ተነጋገሩ።

አንድ ቁጥር ደግሞ ያዙ። አዋጁ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ስትወስኑ ይህች ቁጥር ትመጣባችኋለች።

3. ስም ከመጻፋችሁ በፊት ባዶ ወንበር ቁጠሩ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቦርዳችን ሲያዩት ያምር ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በጡረታ ላይ ያሉ ባለሥልጣን፣ ባለሆቴል፣ ጠበቃ፣ ሐኪም ነበሩበት። ለለጋሽ በምንጽፈው ማመልከቻ ላይ ስማቸው ሲደረደር ልብ ያሞቃል። ሱፍ ገዝቶ የሸጠ ግን አንድ አልነበረም። ትንሽ ብድር ወስዶ ለመመለስ እንቅልፍ ያጣ ሰውም አልነበረም።

ቦርዱ መጀመሪያ ያጸደቀው የመነሻ ገንዘቡን መመሪያ ነው። ከሰባቱ የተገኙት አራት ናቸው። መመሪያው ውስጥ ወለድ አለ፤ ትንሽ ወለድ፣ ገንዘቡ እንዳያልቅ ተብሎ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እጅ ወጣ፣ ጸደቀ።

በሳምንቱ መመሪያውን ይዤ ምንጣፍ ሠሪዎቹ ጋ ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። አቦሉ ላይ ሁሉም ዝም አሉ። ቶናው ላይ አንዷ ተነስታ ወጣች። ሰብሳቢዋ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ገንዘቡ ጥሩ ነው። ወለዱ ግን እኔ ቤት አይገባም። ይቺ ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፣ ብትወስድ አላዝንባትም። ግን አንድ ምንጣፍ ላይ አብረን ቁጭ ብለን እየሠራን፣ ገንዘባችንን ለሁለት ልትከፍለው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ። ወሎ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከአንድ እናት ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች በሚወጣበት አገር ወለድን ለሁሉም የሚሆን ብዬ ወረቀት ላይ ማስፈሬ እስካሁን ያሳፍረኛል። ከቦርዱ ሁለቱ ሙስሊም ነበሩ። ያን ቀን ከቀሩት ሦስት ሰዎች ውስጥ ናቸው።

መፍትሔውን የነገሩን ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ናቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ብሩን አታበድሩ፤ ሱፉንና የሽመና ዕቃውን ድርጅቱ ራሱ ገዝቶ ይያዝ፣ ከዚያ ትርፉ ከመጀመሪያው በታወቀ ዋጋ ለሴቶቹ ይሽጥ፣ እነሱ በየወሩ እየከፈሉ ይጨርሱ። ሙራባሃ ይሉታል። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ሴቶቹም ተመለሱ፤ ክርስቲያኖቹም በዚያው ገቡ። ሐጂ ዛሬ የቦርዳችን አባል ናቸው። ዲግሪ የላቸውም። ማመልከቻ ላይ ስማቸውን የሚያውቅ ለጋሽም የለም።

ስለዚህ አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ወረቀት ውሰዱ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ድርጅቱ የሚገጥሙትን ጥያቄዎች ጻፉበት። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ወንበር ነው። የእኛ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የሂሳብ ሪፖርት አንብቦ ስህተት የሚያገኝ ማነው? ገበያ ወጥቶ ሸጦ ያደረ ማነው? የወለድ ነገር ሲነሳ ማንን እንጠይቃለን? ውል ከመፈረማችን በፊት ማን ያነባል? አካል ጉዳተኛ ሆኖ የሠራ ማነው? ከምንደግፋቸው ሰዎች ውስጥ ማን ይገባል? ስም የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ሰው ሦስት ወንበር ከሞላላችሁ ደስ አይበላችሁ። እሱ የታመመ ቀን ሦስት ወንበር ባዶ ይሆናል። አሥር ቦርድ ላይ ያለን ሰው ደግሞ ተዉት። አሥራ አንደኛው ላይ አይመጣም።

የመጨረሻዋ ወንበር፣ ከምትደግፏቸው ሰዎች የሚመጣው አባል፣ የጥቅም ግጭት ታመጣለች ብለው የሚፈሩ አሉ። እውነት ነው፣ ታመጣለች። ግን ደሴ ላይ ማን ከማን የማይዛመድ አለ? ዝምድናን ከልክላችሁ ቦርድ ማዋቀር አትችሉም። መዝግቡት። ሰብሳቢው ስብሰባ በከፈተ ቁጥር «ዛሬ በምንነጋገርበት ጉዳይ ዝምድና ወይም ጥቅም ያለው አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ያለው ሰው ጉዳዩ እስኪወሰን ከክፍሉ ይውጣ፣ መውጣቱም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። መጀመሪያ ቀን ያሳፍራል። አንዱ አባላችን «እኔን ነው የምትጠረጥሩት?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። በሦስተኛው ስብሰባ ራሱ ቀድሞ ተነስቶ ወጣ።

4. ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ

በስልክ አይሆንም። ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ እስከ በረካ ቆዩ። ከዚያ በግልጽ ንገሩ፦ በዓመት አራት ስብሰባ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት፣ ከስብሰባው በፊት ደግሞ የሚነበብ አለ። የአበልን ነገር እናንተው ቀድማችሁ አንሱት። እኛ አበል አንከፍልም፤ ከወልድያ ወይም ከከሚሴ ለሚመጣ ትራንስፖርት እንሸፍናለን።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የገበያ ቀኗን ዘግታ ለምትመጣ ሴት የቀረባትን እንከፍላለን። መጀመሪያ «ሁሉም እኩል ነው» ብለን ከለከልን። እኩልነቱ ለደመወዝተኛው ብቻ ነበር። ለዚህም ነው ሰኞ የማንሰበሰበው፤ ባቲ ገበያ ነው፣ እዚህም ሰኞ ገበያ አለ። ዓርብ ከቀትር ጁምዓ ነው። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ተስማምተናል።

ሰውየው ጥሩ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? የትምህርት ማስረጃውን ተዉትና የቅሬውን ዳኛ ጠይቁ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ማን ለቅሶ እንደሚደርስ፣ ማን ቅጣት እየከፈለ እንደሚቀር የቅሬ ዳኛ ሁሉንም ያውቃል። ለጎረቤቱ ቀብር የማይደርስ ሰው ለሩብ ዓመት ሪፖርታችሁ አይደርስም። ከዚያ አንድ ስብሰባ ላይ በእንግድነት ጋብዙት። ዝም ብሎ ከወጣ አትጨነቁ። ሲወጣ እሱ አንድ ጥያቄ ካልጠየቃችሁ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ።

5. ሥራ አስኪያጁን ከቦርዱ ለዩ

መሥራቾች ላይ ይህ ከባድ ነው። እኔ በአንድ ጊዜ መሥራች፣ ሥራ አስኪያጅና የቼክ ፈራሚ ነበርኩ። ተቆጣጣሪዬ ማን እንደሆነ ብትጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን ሥራ አስኪያጇ ስብሰባ ላይ ትገኛለች፣ ታስረዳለች፣ ድምፅ ግን አትሰጥም። ቦርዱም በተራው የቢሮ ሠራተኛ ጠርቶ ትእዛዝ አይሰጥም። የሚፈልገውን ለእሷ ይነግራታል።

ስትቀጥሩ ቃለ መጠይቁን አሳጥሩና ሥራ ስጡ። እኛ የሦስት ወር ሂሳብ ሰጠን፤ ሆን ብለን አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መዝግበንበታል። ሁለተኛው ፈተና ሐይቅ ሄዶ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ውሎ ያየውን በአንድ ገጽ መጻፍ ነው። ከአመልካቾቹ አንዱ «ሞዴሉን ማስፋት» ምናምን እያለ ቆንጆ ወረቀት ጻፈ። አሁን የቀጠርናት ልጅ የጻፈችው በረዶ ስለሌላቸው ዓሣው ከቀትር በፊት ካልተሸጠ ዋጋው እንደሚወድቅ ነው። ማንን እንደምንቀጥር ያኔ ታወቀ።

6. ፈራሚዎች

ሦስት ሰው አስመዝግቡ፣ ማንኛቸውም ሁለቱ ሲፈርሙ ይከፈል። የእኛ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ልጁን ለማሳከም አዲስ አበባ ሄደ፣ የሱፉ ገንዘብ ባንክ ቤት ተኛ፣ ሴቶቹ ለአረፋ የተቀበሉት ትእዛዝ አመለጣቸው። ባንክ ቤቱ ልክ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው።

7. ስብሰባው

ሪፖርቱ ከሳምንት በፊት ይላክ። ከሦስት አጀንዳ አይብለጥ። ቃለ ጉባኤው እዚያው ተጽፎ እዚያው ይፈረም፤ «በኋላ አስተካክዬ እልካለሁ» የተባለ ቃለ ጉባኤ መጥቶ አያውቅም። ቴሌግራም ቀጠሮ ለማስታወስ ጥሩ ነው። ውሳኔ ግን በአውራ ጣት ምልክት አይጸድቅም። የቦርድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ልሽጥላችሁ የሚል ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። አንድ ደብተርና ኤክሴል ይበቃል።

8. መሰናበትና ርክክብ

የአገልግሎት ዘመኑን መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ጻፉት። የእኛ ሦስት ዓመት ነው፣ ቢበዛ ሁለት ዙር። ሁሉም በአንድ ቀን አይውጣ፤ ግማሹ ሲወጣ ግማሹ ይቆይ። ዘመኑ ካልተጻፈ ሰው ማሰናበት ሽምግልና ይጠይቃል። ሽምግልናው ደግሞ ወር ይፈጃል፤ በመጨረሻም «በቃ ይቆይ» ተብሎ ያልቃል።

የሚወጣው ሰው የሚያስረክበውን ዘርዝራችሁ በፊርማ ተረከቡ፦ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የቼክ ደብተር፣ የቢሮ ቁልፍ፣ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል፣ ማኅተም። እኛ ማኅተሙን ረስተን ነበር። የቀድሞው ሰብሳቢያችን ሳያውቁት ሻንጣቸው ውስጥ ይዘውት አዲስ አበባ ገቡ። ሦስት ሳምንት አንድ ደብዳቤ ማውጣት አልቻልንም። በመጨረሻ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ደሴ ደረሰ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ። አሁን ርክክብ ስናደርግ ማኅተሙን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አስመትተን ነው የምንፈርመው።