የመኮሮኒ ሰላጣ ፍሪጅ አድሮ እየደረቀ ላስቸገራችሁ

ሰው ስጠራ የምሰራው የመኮሮኒ ሰላጣ ማታ አሪፍ ሆኖ ይገባና ጠዋት ከፍሪጅ ሲወጣ ደርቆ ተጣብቆ መሀሉ ጠንክሮ ነው የማገኘው፣ ሶሱ የት እንደገባ አይታወቅም።

መጀመሪያ ማዮኔዝ ጨመርኩበት፣ ከበደ እንጂ አልራሰም። ቀጥሎ ከሶሱ በፊት በዘይት አሸሁት፣ ይሄ ባሰ፣ ዘይቱ ላዩን ሸፍኖት ሶሱ አልይዝ አለ፣ የወይራ ዘይት ሲሆን ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ረጋ።

የሰራልኝ ይሄ ነው። 500 ግራም መኮሮኒ በ5 ሊትር ውሃና በ50 ግራም ጨው፣ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው 2 ደቂቃ አስበልጬ ቀቀልኩት፣ ምክንያቱም ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ በትኩሱ ልክ የሆነው ቀዝቅዞ ድርቅ ይላል። ከዛ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ (ለትኩስ ፓስታ አላደርገውም፣ እዚህ ግን የግድ ነው፣ የሚያጣብቀው ስታርች ይታጠባል) በደንብ አጠነፈፍኩት። ትልቁ ነገር ግን ሶሱን ለሁለት መክፈል ነው፣ ግማሹ ማታ ግማሹ ሊቀርብ ሲል፣ የማታውን መኮሮኒው ይጠጣዋል ሁለተኛው ላዩ ላይ ይቀራል። ቲማቲምና ኪያርም ያኔ ይግቡ፣ ካደሩ ውሃ ያወጣሉ። ጨውና ሎሚውን ከቀዘቀዘ በኋላ ድጋሚ ቅመሱ፣ ብርድ ጣዕም ይቀንሳል። ከፍሪጅ ወጥቶም ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት።